የገጽን ልክ ስለ መጠየቅ

ቁም ጸሐፊ ብርዑን ከማንሣቱ አስቀድሞ ብራናውን ይለካል፤ በወስፌ ይወጋል፤ ያሰምራል። የቆዳ ሁሉ ልኩ አንድ አይደለምና፥ የትናንቱን ልክ በዛሬው ብራና ላይ የሚጭን ጸሐፊ ቃሉ ከዳር ይወድቅበታል። እኔ በቅኔ ቤት ያደግሁ ሰው ስሆን፥ በአማኑኤል አንድ ተማሪ በአሮጌ ኮምፒዩተር ፕሮግራም ሲጽፍ አጠገቡ ተቀምጬ ብጠይቀው፥ ይኸው ሥርዓት በዚያም መኖሩን ተረዳሁ።

እንደ አውሮጳውያን አቆጣጠር በ1981 የወጣው የአይ.ቢ.ኤም. የግል ኮምፒዩተር በአንድ መስመር 40 ወይም 80 ፊደል፥ ከላይ እስከ ታች 25 መስመር ይጽፍ ነበር። በ1987 የመጣው ቪ.ጂ.ኤ. ግን በደቃቅ ፊደል 50 መስመር ይይዛል። ስለዚህ ልኩን በግምት የሚወስን ሰው፥ አንድ ጊዜ የገጹን እኩሌታ ባዶ ያስቀራል፤ አንድ ጊዜም መስመሩን ከሁለት ይሰብራል።

መድኃኒቱ መጠየቅ ነው። ባዮስ የሚባለው፥ በማሽኑ ውስጥ የተቀመጠው መመሪያ፥ ሲጠይቁት የአግድሙን ቁጥር ይናገራል። የመስመሩን ቁጥር ግን ከ1984ቱ ኢ.ጂ.ኤ. ጀምሮ በማኅደረ ትውስታው በታወቀ ስፍራ ያኖረዋል፤ ያውም አንድ አጉድሎ ነው። ገጹ 25 መስመር ሲሆን የሚገኘው 24 ነው፤ ማሽኑ መስመሩን ከዜሮ ጀምሮ ይቆጥራልና። የግዕዝ ቁጥር ግን ዜሮ የለውም፤ ከ፩ ይጀምራል። እንግዲህ አንድ መጨመርን የዘነጋ ሰው የመጨረሻውን መስመር ያጣል። ጉባኤ ቃና ሁለት ቤት ብቻ ነው፤ ሁለተኛው ቤት ከገጹ ውጭ ቢቀር ምን ቅኔ ይባላል?

ለፊደላችንማ ነገሩ ይብሳል። 33ቱ በ7 ሲባዙ 231 ናቸው፤ ዲቃሎቹና ቁጥሮቹ ሲጨመሩ፥ ያ ማሽን ለፊደል ቅርጽ ከመደበው 256 ስፍራ ያልፋሉ። በነጥብ እየተሣሉ ቢጻፉም፥ 640 ነጥብ ስፋት ባለው ገጽ 16 ነጥብ ለሚወስድ ፊደል በአንድ መስመር 40 ብቻ ይገባል፤ 80 ብሎ የገመተ እኩሌታውን ያጣል።

ዛሬም የአባቶችን መጽሐፍ ወደ ኮምፒዩተርና ወደ ስልክ የምታሻግሩ ወጣቶች ሆይ፥ ገጹ እንደ ብራናው ልዩ ልዩ ነውና፥ ከመጻፋችሁ በፊት ልኩን ጠይቁ፤ የተሰጣችሁንም ቁጥር ከየት ጀምሮ እንደተቆጠረ መርምሩ።