ከማን አንሼ



ባለፈው ሳምንት ሜዳችን ላይ ኳስ ስንጫወት አንድ ተማሪዬ «ጋሼ፣ ስደተኛ ዋንጫ ያነሣል?» ሲል ጠየቀኝ። ዝም አልሁ። መልሱን ዛሬ ልጻፍለት።

አዲስ አበባ ስታዲየም እግር ኳስም፣ ሩጫም፣ የበዓል ሰልፍም ያስተናገደ ሜዳ ነው። ልጅ ሳለሁ አባቴ እጄን ይዞ ያስገባኝ ነበር። የመቀመጫው ክፍሎች ሕዝብ ያወጣላቸው ስም ነበራቸው፤ ጥላ ፎቅ፣ ካታንጋ፣ ሚስማር ተራ። እኛ የምንቀመጥበት «ከማን አንሼ» ይባል ነበር።

ጥር 13 ቀን 1954 ዓ.ም. በዚሁ ሜዳ ኢትዮጵያ ግብፅን በተጨማሪ ሰዓት 4 ለ 2 አሸንፋ የአፍሪካን ዋንጫ ወሰደች። ዋንጫውን ከንጉሠ ነገሥቱ እጅ የተቀበለው አምበሉ ሉቺያኖ ቫሳሎ ነው። ይህ ሰው በደርግ ዘመን ተሰደደ፤ በ2015 ዓ.ም. መጀመሪያ በጣልያን አገር አረፈ። አገሩን ቢያጣም ያነሣውን ዋንጫ ግን ስደት አልነጠቀውም።

ልጄ፣ መልሴ ይኸው ነው።

ወላጆች ሆይ፣ ከትምህርት በኋላ ልጆቹን ለአንድ ሰዓት ወደ ሜዳ ልቀቁልን፤ ሴቶቹንም ጭምር። ሜዳችን አቧራ ቢሆንም ስም አውጥተንለታል፦ ከማን አንሼ።