አሥር ቀን ሲቀራቸው ሄዱ

የጀርመኗ መራሂተ መንግሥት አንጌላ ሜርክል ሥልጣን የያዙት እ.ኤ.አ. በ2005 ነው፤ እኔ ያኔ ፊደል እንኳን አልቆጠርኩም። በ2021 ሲለቁ የመጀመሪያ ኮንትራቴ ላይ ነበርኩ። 16 ዓመት ከ16 ቀን ማለት ነው። ሄልሙት ኮል ግን 16 ዓመት ከ26 ቀን ቆይተዋል። (ቢስማርክ 19 ዓመት ገዝተዋል፤ እሳቸውን የሾማቸው ንጉሠ ነገሥቱ ስለሆነ ከእነዚህ ጋር አልቆጥራቸውም።)

አሥር ቀን! እኔ ብሆን ታግሼ ሪከርዱን ይዤ ነበር የምወጣው። ግን ኮል ሁለቱን ጀርመን አንድ ያደረጉ ሰው ሆነው በ1998 በምርጫ ተሸንፈው ነው የወረዱት። አዴናወርም በ73 ዓመታቸው ጀምረው 87 እስኪሞላቸው ቆዩ፤ መጨረሻ ላይ የራሳቸው ሰዎች ጭምር ናቸው በቃዎት ያሏቸው። ሕጋቸው ለመራሔ መንግሥት የዓመት ገደብ የለውም፣ ፓርላማው ከመረጠ መቀጠል ነው። ሜርክል ግን ሦስት ዓመት ቀደም ብለው፣ በ2018፣ ከእንግዲህ አልወዳደርም አሉ።

እኛ ዘንድ ደግሞ «አንድ ኮንትራት ብቻ» የሚባል ነገር አለ። እናቴም ትለዋለች፣ ማዳምም ትለዋለች፣ እኔም ብዬዋለሁ። ሦስተኛው ሊያልቅ አምስት ወር ቀርቶታል። አልጨምርም ብዬ ለእናቴ ከወዲሁ ነገርኳት። ለማዳም ገና ነው።