ዓሣና እንጆሪ

እንጆሪ በአፉ የማትዞር አንድ ወዳጅ አለኝ። ጁስ ቤት ገብተን አሳላፊው ቀዩን ብርጭቆ ሲያቀርብልኝ እሱ ፊቱን ያዞራል። "የዓሣ ጂን ከተውባታል እኮ! ለጾም እንኳ አትሆንም" ይለኛል። ገጠር ያደግን ሰዎች በእሾህ ተቧጭረን የለቀምናት የዱር እንጆሪ ሌላ ናት፤ እሱ የሚፈራት ስትሮቤሪ የሚሏትን ነው።

"ሳያጣሩ ወሬ፣ ሳይገሉ ጎፈሬ" ይባላልና ነገሩን ለማጣራት ጥቂት አገላበጥኩ። ወሬው ከባዶ አልተነሣም። እ.ኤ.አ. በ1991 አንድ የአሜሪካ ኩባንያ ውርጭ ይቋቋም ብሎ የቀዝቃዛ ባሕር ዓሣ ጂን በቲማቲም ላይ ሞክሯል። ቲማቲሙ ግን ገበያ አልወጣም። ወሬው ከቲማቲም ወደ እንጆሪ ተሻገረና እስከኛ ሰፈር ደረሰ።

እንጆሪ በዚህ ታሪክ ውስጥ ያላት ቦታ ሌላ ነው። እ.ኤ.አ. በ1987 ካሊፎርኒያ፣ ብሬንትዉድ አጠገብ፣ በእንጆሪ ማሳ ላይ አንድ ባክቴሪያ ተረጨ። ይህ ባክቴሪያ በተፈጥሮው በቅጠል ላይ በረዶ እንዲረጋ ያደርጋል፤ ተመራማሪዎቹ ለዚህ የሚያበቃውን ጂን ቆርጠው አወጡለት። የተለወጠው ባክቴሪያው እንጂ እንጆሪዋ አልነበረችም። ያም ሆኖ በዋዜማው ሌሊት ተቃዋሚዎች ማሳው ገብተው ችግኙን ነቃቀሉት።

"ተፈጥሮን አትንኩ" ለሚል ሰው ግን ጥያቄ አለኝ። የትኛዋን ተፈጥሮ? ዛሬ የምንበላት ትልቋ እንጆሪ ከሦስት መቶ ዓመት በፊት በዓለም ላይ አልነበረችም። ፍሬዚዬ የተባለ ፈረንሳዊ መሐንዲስ እ.ኤ.አ. በ1714 ከቺሊ ጥቂት ችግኞች ይዞ ተመለሰ። እነዚህም ከሰሜን አሜሪካ ከመጣችው እንጆሪ ጋር በአውሮፓ አትክልት ስፍራዎች ተዳቀሉ። በምድራቸው ሳይተዋወቁ የኖሩ ሁለት ዘመዳሞች በሰው ደጅ ተጋቡ ማለት ነው።

እኔን የሚያሳስበኝ ሌላ ነው። እንጆሪ በሐረግ ትራባለች። እናቲቱ መሬት ለመሬት ሐረግ ትዘረጋለች፤ ሐረጉ ሥር ይሰዳል፤ ገበሬው ቆርጦ ይተክላል። ዝርያዋ በፓተንት ከተያዘ ግን ያን ሐረግ ያለ ፈቃድ ማባዛት ሊያስከስስ ይችላል። ይህ ከጂን ምሕንድስና ጋር ብቻ የመጣ ጣጣ አይደለም፤ በተራ ማዳቀል የተገኙ ዝርያዎችም ፓተንት አላቸው። አገራችንም እ.ኤ.አ. በ2018 ጂኑ የተለወጠ ጥጥ እንዲዘራ ፈቅዳለችና ነገሩ የሩቅ አገር ወሬ ብቻ አይደለም።

ሳይንቲስቱ ጣዕሟን ቢያሻሽል፣ ከበሽታ ቢጠብቃት፣ እሰየው! ነገር ግን ክርክራችን ሁሉ በሌለ ዓሣ ላይ ካለቀ፣ የሐረጉ ባለቤት ማን እንደሆነ የሚጠይቅ ሰው ይጠፋል።