ልጆቻችን «አስተምሩን» እያሉ ነው

ውድ ወላጆች፣ ስለ ጤና ለማስተማር ትምህርት ቤት ስሄድ ተማሪዎች ጥያቄያቸውን ስም ሳይጽፉ በቁራጭ ወረቀት ይሰጡኛል። «የወር አበባ ያላየች ልጅ ታረግዛለች?» የሚለው ደጋግሞ ይመጣል። አዎ፣ ልታረግዝ ትችላለች፤ ከመጀመሪያው የወር አበባ በፊትም እንቁላል ሊለቀቅ ይችላል።

«ሥዕሉንማ በባዮሎጂ ተምረናል፤ የምንጠይቀውን የሚመልስልን አስተማሪ ይመደብልን» የሚሉም አሉ።

«ያላሰቡትን ማሳሰብ ነው» ብላችሁ የምትሰጉ ትኖራላችሁ። ዩኔስኮ በ2018 እ.ኤ.አ. ያወጣው መመሪያ ግን ጥናቶችን ገምግሞ፣ ትምህርቱ ወጣቶች ወሲብ ቶሎ እንዲጀምሩ እንደማያደርግ ገልጿል።

በሚቀጥለው የወላጆች ስብሰባ ስለ ውጤት ብቻ አትጠይቁ። «የሥነ ተዋልዶ ጤናን ማን ነው የሚያስተምራቸው?» በሉ። ልጆቹ ብቻቸውን ሲጠይቁ «ባለጌ» ይባላሉ፤ እናንተ ስትጨመሩበት ግን ይደመጣሉ።

መልካም ጤና!