ሰባት በመቶ

ዛሬ ደመወዝ ገባ። የደመወዝ ወረቀቴን (ለመጀመሪያ ጊዜ!) እስከ ታች አነበብኩት።

«ጡረታ 7%» ይላል። ቀጣሪዬ ደግሞ 11% ይጨምርበታል። እስከ ዛሬ ግብር መስሎኝ ስነጫነጭበት ነበር።

ግን 60 ሊሞላኝ ገና 33 ዓመት ይቀረኛል። ዛሬ አንድ ኪሎ ሽንኩርት የምገዛበት ብር ያኔ አንድ ራስ ይገዛልኝ ይሆን?

እማዬ ጋ ደወልኩ። «ጣሪያችንን ቆርቆሮ ያለበስኩት በዕቁብ ነው፤ አንተም ግባ» ብላ የሰፈሩን ዕቁብ ዳኛ ስልክ ላከችልኝ። በሳምንት 500 ብር።

ከቤት ኪራይና ከታክሲ የሚተርፈኝን አሰላሁት። ይበቃል፣ ማኪያቶ ከተውኩ። ማኪያቶ ግን እንዴት ይተዋል?

እናንተስ ከጡረታው ሌላ የምታስቀምጡት አለ? በዕቁብ ነው፣ በባንክ ነው ወይስ እንደኔ «ከሚቀጥለው ወር ጀምሮ»?