የወገብ ቦርሳን በገዛ እጅ መስፋት

በአገራችን ልማድ ሴት ልጅ ገንዘቧን በመቀነቷ ጫፍ ቋጥራ የምታኖር መሆኗ የታወቀ ነው። ገበያ የወጣች እናት ሒሳብ ለመክፈል ፊቷን ዞር አድርጋ መቀነቷን ስትፈታ ያላየ የለም። ወታደሩም በበኩሉ ጥይቱን በዝናር ሸክፎ በወገቡ ይታጠቃል። አንዱ የጓዳ፣ ሌላው የግዳጅ ዕቃ ቢሆንም ምክንያታቸው አንድ ነው፤ ሰው እጅግ የሚሳሳለትን ነገር በእጁ አንጠልጥሎ አይሄድም፤ በአካሉ ላይ ያስረዋል። ዛሬ በየሱቁ ተሰቅሎ የምናየው የወገብ ቦርሳ የመቀነትና የዝናር ልጅ ነው ብል ማጋነን አይሆንብኝም። ስለዚህ ቦርሳ፣ ይልቁንም መርፌ ይዞ የማያውቅ ሰው እንዴት አድርጎ ሊሰፋው እንደሚችል፣ በገዳሪፍ ከተማ የተማርሁትን ለእኅቶቼና ለወንድሞቼ ላካፍል እወዳለሁ።

ነገሩ አዲስ ፈጠራ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1991 በአውሮፓ አልፕስ ተራሮች በረዶ ውስጥ ከ5000 ዓመታት በላይ ተጠብቆ የቆየ የአንድ ሰው አስከሬን ሲገኝ ከቀበቶው ላይ ከጥጃ ቆዳ የተሠራ ከረጢት ነበረው። በውስጡም የባልጩት ስለቶችና ከአጥንት የተሠራ ወስፌ ተገኝቶበታል። ወስፌ መያዙን ባነበብሁ ጊዜ፣ ይህ ሰው የተቀደደበትን ራሱ ይጠግን ነበር ማለት ነው ብዬ ወደድሁት። በእኛ አቅጣጫም ቢሆን ወደ መካ የሚጓዙ ሐጃጆች ኢሕራም የሚባለው ልብሳቸው ያልተሰፋና ኪስ የሌለው ስለሆነ ገንዘባቸውን በሰፊ ቀበቶ ውስጥ ያኖራሉ። ገላባት ደግሞ ከምዕራብ አፍሪካ ለሐጅ የተነሡ ተክሩሮች የሰፈሩባት የጠረፍ ከተማ ነች። ስለሆነም በዚያ መንገድ ላይ ገንዘብን በወገብ መታጠቅ የቆየ ልማድ ነው።

መተማ ሲባል የሠራዊት ቤተሰብ አስቀድሞ የሚያስበው ዐፄ ዮሐንስ 4ኛ በ1881 ዓ.ም. የወደቁበትን የጦር ሜዳ ነው። እኔ ግን ከተማይቱን የማስባት በ1983 ዓ.ም. ነው። በዚያ ዓመት ጦርነቱ ሲያበቃ በብዙ ሺህ የሚቆጠሩ ወታደሮችና ቤተሰቦቻቸው ወደ ሱዳን ሲሻገሩ፣ እኛም ከባለቤቴና ከሁለት ልጆቻችን ጋር መተማን አልፈን ገላባት ገባን። ከገላባት እስከ ገዳሪፍ 150 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። ዶካ በምትባለው ከተማ በኩል በጭነት መኪና ላይ ተሳፍረን ሄድን። ገንዘባችንና ወረቀቶቻችን ከባለቤቴ ወገብ ላይ፣ ከገበያ በተገዛ ቦርሳ ውስጥ ነበሩ። ሌሊት መኪናው ሲንገጫገጭ ቀበቶው ከቦርሳው ጎን ተገነጠለ፤ ስፌቱ ሲለቅ የቦርሳው ጎን አብሮ ተከፈተና በውስጡ የነበረው ሁሉ በጨለማ ተበተነ። ሲነጋ የቀረልን ባዶው ቦርሳ ብቻ ነበር።

ገንዘቡ ብዙ አልነበረም። ወረቀቱ ግን የባለቤቴ መታወቂያ፣ የጋብቻ ምስክር ወረቀታችንና የልጆቻችን የልደት ማስረጃ ነበር። በምዝገባው ጊዜ የልጆቹን ዕድሜ በቃላችን ብንናገርም ማስረጃ ስላልነበረን ዓመቱ በግምት፣ ቀኑ ደግሞ በፈረንጆቹ ጃንዋሪ 1 ተብሎ ተጻፈ። በዓለም ዙሪያ እጅግ ብዙ ስደተኞች በዚያች ቀን እንደተወለዱ ተደርገው የተመዘገቡ መሆናቸውን የሰማሁት ከዓመታት በኋላ ነው። በሐምሌ ዝናብ የወለድኋት ልጄና በጥቅምት የተወለደው ወንድሟ እስከ ዛሬ ድረስ በየመሥሪያ ቤቱ በአንድ ቀን የተወለዱ ሆነው ይኖራሉ። ከአንድ መስመር ስፌት የመጣ ነው።

ገዳሪፍ የሰሊጥና የማሽላ አገር ነች። የባቡር ሐዲድ ያልፍባታል፤ ረጅሙ የእህል ጎተራዋም ከሩቅ ይታያል። በገበያዋ በረንዳዎች ላይ ሱዳኖች ተርዚ የሚሏቸው ልብስ ሰፊዎች በእግር የሚረገጥ የስፌት መኪናቸውን ዘርግተው ይሠራሉ። ከከተማዋ ወጣ ብሎ ተዋዋ በሚባለው የስደተኞች ሰፈር ደግሞ ከእኛ ዐሥር ዓመት ያህል ቀድመው የመጡ አንዲት የጎንደር ሴት ነበሩ። እኔ እትዬ እያልሁ እጠራቸው ነበር። ኑሯቸውን የሚገፉት ልብስ በመጠገንና ከአጨዳ ለሚመለሱ የቀን ሠራተኞች የወገብ ቦርሳ በመስፋት ነበር። የሰሊጥ አጨዳ ሲያበቃ ሠራተኛው የወራት ድካሙን ዋጋ በጥሬ ገንዘብ ይቀበላል። ያን ገንዘብ ይዞ ረጅም መንገድ ስለሚጓዝ ለቦርሳው ጥንካሬ ግድ ነበረው።

ያን ባዶ ቦርሳ አገላብጠው ካዩ በኋላ፣ «ልጄ፣ ይኼ ሰው ቀበቶውን ለሁለት ቆርጦ ከጎንና ከጎን ለጥፎታል። ክብደቱን ሁሉ ያሸከመው ለክር ነው። የባልሽን ዝናር አላየሽም? ቀበቶው አይቆረጥም፤ ኪሱ ነው በቀበቶው ላይ የሚሰካው» አሉኝ። የቀረው ትምህርት ሁሉ ከዚህች ንግግር የተነሣ ነው። ከገበያ የሚገዛው ቦርሳ አብዛኛውን ጊዜ የሚበላሸው በዚሁ ቦታ ነው። ቀበቶው አንድ ወጥ ሆኖ ከቦርሳው ጀርባ ሲያልፍ ግን ሸክሙን የሚችለው ቀበቶው ራሱ ይሆናል። ክሩ ቢላላ እንኳ ቦርሳው ከወገብ ላይ አይወድቅም። ደግሞም ለጀማሪ ሥራው ይቀልለታል፤ ዘለበት መትከል ሳያስፈልገው የባሏን አሮጌ የሱሪ ቀበቶ በጀርባው ማሳለፍ ትችላለች።

ስለ ጨርቁ ጥቂት ልበል። ሸራ እጅግ ጠንካራ ቢሆንም በእጅ ለሚሰፋ ሰው መርፌ ይሰብራል፤ ጣትም ያቆስላል። ጆንያ ደግሞ ጠርዙ ይተረተራል። ከሁሉ የሚሻለው ካኪ ነው። ከአሮጌ የካኪ ሱሪ መቀመጫውና ጉልበቱ ቢያልቅም ከጉልበት በታች ያለው ጨርቅ ብዙውን ጊዜ ደኅና ሆኖ ይገኛል፤ ለአንድ ቦርሳም ይበቃል። ዥንጉርጉሩን የወታደር ጨርቅ ግን አልመክርም። በየኬላው ጥያቄ ያመጣል፤ ባለቤቷ በግዳጅ ላይ ያለ ሴት ደግሞ ከነልጆቿ ቆማ ስለ ጨርቅ መልስ ስትሰጥ መዋል አይገባትም።

ልኩ እንዲህ ነው። የጀርባው ጨርቅ ወርዱ 28፣ ቁመቱ 18 ሳንቲ ሜትር ይሆናል። የፊቱ ጨርቅ ወርዱ ያው 28 ሆኖ በሁለት ይቆረጣል፤ የላይኛው ቁራጭ ቁመቱ 6፣ የታችኛው 14 ሳንቲ ሜትር ነው። ለቀበቶው ማሳለፊያ 22 በ9 ሳንቲ ሜትር የሆነ ሌላ ቁራጭ ይዘጋጃል። መስመሩን ለማስመር የሳሙና ስባሪ ከእርሳስ ይሻላል፤ ጎልቶ ይታያል፣ ሲታጠብም ይጠፋል። የታችኞቹን ማዕዘኖች ለማዞር የሻይ ብርጭቆ ደፍቶ ዙሪያውን መከተል ነው። ቀጥ ያለ ማዕዘን አሸዋና ፍርፋሪ ስለሚያጠራቅም ዞር ማለቱ ይበጃል።

ክሩ ድርብ ይሁን፤ በሰምም ይታሽ። ሰም የነካው ክር አይተበተብም፤ በላብም ቶሎ አይበሰብስም። የስፌት መኪና የሌላት ሴት መርፌዋን አንድ እርምጃ ወደ ፊት አውጥታ፣ ግማሽ ያህሉን ወደ ኋላ ተመልሳ እየወጋች ትሂድ። በ1 ሳንቲ ሜትር ውስጥ ሦስት ያህል ወጋ ከገባ በቂ ነው። እንዲህ ያለው ስፌት አንድ ቦታ ቢበጠስ የቀረው ይይዛል። ወደ ፊት ብቻ እየሮጠ የሚሰፋው ግን አንዱ ሲለቅ ሁሉም ይከተለዋል። እትዬ የመጀመሪያውን ሳምንት ሙሉ በውዳቂ ጨርቅ ላይ መስመር ብቻ አሰፉኝ። ቦርሳ መቼ እንጀምራለን ብዬ ስጠይቃቸው መስመሩን በጥፍራቸው ገለጥ አድርገው እያዩ ዝም ይሉኝ ነበር።

አስቀድሞ የሚሠራው ማሳለፊያው ነው፤ ቦርሳው ከተገጠመ በኋላ እጅ አይገባምና። የቁራጩ አራቱም ጠርዝ 1 ሳንቲ ሜትር እየታጠፈ ይሰፋል። ከዚያም በጀርባው ጨርቅ ፊት ላይ መሐል ተደርጎ ላይኛውና ታችኛው ረጅም ጠርዙ ብቻ ይሰፋል። ግራና ቀኙ ክፍት ሆኖ ይቀራል፤ ቀበቶው የሚያልፈው በዚያ ነው። በእነዚህ በሁለቱ መስመሮች ላይ ስስት አያስፈልግም፤ እያንዳንዱ ሁለት ጊዜ ይሰፋ። ጫፎቹ ላይ ሦስት ጊዜ ቢመላለስ ደግሞ የተሻለ ነው።

ቀጥሎ ዚፑ ይመጣል። ጀማሪ ሰው የሚፈራው ዚፕን ነው፤ ነገር ግን ቢያውቁበት ከባድ አይደለም። የብረት ጥርስ ያለውን ትቶ የናይለኑን መምረጥ፣ ርዝመቱንም ከጨርቁ በ2 ሳንቲ ሜትር ማስበለጥ ያስፈልጋል። የዚፑ ፊትና የላይኛው ቁራጭ ፊት ተያይተው ጠርዝ ለጠርዝ ይሰፋሉ፤ ከዚያ ጨርቁ ይገለበጥና በላዩ ሌላ መስመር ይሰፋበታል። የታችኛውም ቁራጭ እንዲሁ። አሁን ፊቱ አንድ ሙሉ ጨርቅ ሆነ ማለት ነው፤ ከጀርባው ጋር ተስተያይቶ ትርፉ ይከረከማል። እዚህ ላይ ዚፑ እስከ መሐሉ መከፈት አለበት። ፊትና ጀርባው ፊት ለፊት ተገጥመው፣ ከጠርዙ 1 ሳንቲ ሜትር ገባ ብሎ ዙሪያው ከተሰፋ በኋላ ቦርሳው የሚገለበጠው በዚያው በዚፑ በኩል ነውና። ከመገልበጡ በፊት የውስጥ ጠርዙ ይዘምዘም፤ ከጨርቁ የተረፈው የዚፕ ጫፍም ይቆረጥ።

ገበር ለመጀመሪያው ቦርሳ አያስፈልግም። በምትኩ ከተሰበረ ጃንጥላ ጨርቅ አንዲት ትንሽ ከረጢት ሰፍቶ፣ በቁልፍ እየዘጉ፣ ወረቀቶቹን በእርሷ ውስጥ ማኖር ይበቃል። በገዳሪፍ ሙቀት ወረቀትን አስቀድሞ የሚያጠፋው ሌባ ሳይሆን ላብ ነው። በክረምት ደግሞ ዝናቡና ጥቁሩ የዋልካ ጭቃ አለ። የጃንጥላው ጨርቅ ለሁለቱም ይሆናል።

ወንድሞቼ ይህን ክፍል የሴቶች ነው ብለው ገጹን እንዳይገልጡት እለምናለሁ። ወታደር ቁልፉን ራሱ ሲተክል፣ ካልሲውን ራሱ ሲጠግን የኖረ ነው። ባለቤቴም የእኔን ሥራ ለጥቂት ቀን ከተመለከተ በኋላ የራሱን ቦርሳ ራሱ ሰፋ። መስመሩ ከእኔ ይልቅ ቀጥ ያለ ነበር፤ ይህን ግን ለእርሱ ነግሬው አላውቅም።

ዛሬ የምኖረው በጎንደር ነው። በኅዳር 2013 ዓ.ም. ከትግራይ ወደ ምሥራቅ ሱዳን የተሻገሩት ሰዎች ቁጥር ከጥቂት ወራት በኋላ ከ60,000 በላይ ሲሆን፣ በ1970ዎቹም ስደተኞች የነበሩበት ኡም ራኩባ መልሶ መከፈቱን በሬድዮ ሰማሁ። በሚያዝያ 7 ቀን 2015 ዓ.ም. በካርቱም ጦርነት ሲነሣ ደግሞ መንገዱ ተገለበጠ። ሱዳናውያንም፣ እዚያ የኖሩ ኢትዮጵያውያንም ገላባትን አልፈው ወደ መተማ መጡ። ከእነርሱ አንዲት ሴት ጎረቤቴ ሆናለች። ከካርቱም ስትነሣ ያወጣችው የልጆቿን የትምህርት ቤት ወረቀትና ጥቂት ወርቅ ነው፤ ከቶቧ ሥር በጨርቅ ጠቅልላ በገመድ አስራው መጣች። ባለፈው ክረምት በየቅዳሜው ከእኔ ዘንድ እየመጣች መስመር ስትሰፋ ቆየች። አሁን ማሳለፊያው ላይ ደርሳለች።

ቦርሳውን ለሚጨርሱ ሁለት ነገር ልጨምር። ከሱሪ ወይም ከቀሚስ በላይ ከታጠቁት ዚፑ ወደ ፊት፣ ከእጅ በታች ይሁን፤ ወደ ኋላ የዞረ ቦርሳ የባለቤቱ አይደለም። ዚፑ አቧራ ገብቶበት አልሄድ ሲል ደግሞ ዘይት አይነካ፤ ዘይት አቧራውን ያጠናክረዋልና። ጥርሱን በደረቅ ብሩሽ ጠርጎ የሻማ ቁራጭ ማሸት ነው።