«ፎሪን» የተባለው ዲ

ይኸውላችሁ፣ በእኛ አገር ኮምፒውተር ሲታመም የሚታዘዝለት መድኃኒት አንድ ነው። ቫይረስ ገባበት? ፎርማት። ተንቀረፈፈ? ፎርማት። ድምፅ አልሰጥ አለ? እሱም ፎርማት። (ፍሪጅም ፎርማት ይደረግልን የምንልበት ቀን ሩቅ አይደለም።) መድኃኒቱ ብዙ ጊዜ ይሠራል፤ አልክድም። ጣጣው የሚመጣው ማሽኑ ውስጥ ሁለተኛ ሀርድ ዲስክ ሲኖር ነው።

ባለፈው ዓመት ቤተሰብ ልጠይቅ ወላይታ ሶዶ በሄድኩበት ሰሞን የጎረቤታችን ፎቶ ቤት ኮምፒውተር እንዲሁ ታከመ። አንደኛው ዲስክ ላይ ዊንዶው አለ። ሁለተኛው ላይ፣ «ዲ» የምንለው ማለት ነው፣ የደንበኛ ፎቶ ሁሉ አለ፤ ሰርጉ፣ ምርቃቱ፣ ጊፋታው፣ የመታወቂያው ጉርድ ሳይቀር። ዊንዶው የጫነው ልጅ ጥንቁቅ ነው፤ የነካው ሲን ብቻ ነው። ማሽኑ ተነሥቶ ሲታይ ግን ዲ የለም። በቃ የለም!

በዚያው ቀን አንድ ቤተሰብ የአባታቸውን ፎቶ ለቀብር ሊያሳድጉ መጥተዋል። ሰውየው ደህና ፎቶ የተነሡት እዚያው ቤት ብቻ ነው። ጋሼ፣ የፎቶ ቤቱ ባለቤት፣ ልጆቹን «ነገ በጠዋት ኑ» ብለው ሸኟቸውና ወደ እኔ ዞሩ። «አንተ አዲስ አበባ ተምረህ የለ? እስቲ እየው።» ልጁ በጎን «ጋሼ፣ ዲንም ፎርማት ብናረገው ይመጣል እኮ» ይላል። እውነቱን ነው፣ ይመጣል። ባዶውን ይመጣል።

እንግዲህ ዲስክ አልነበብም ሲል ሞተ ማለት አይደለም። ብዙ ጊዜ ፎቶው ባለበት አለ፤ የጠፋው ዊንዶው ወደ ፎቶው የሚደርስበት መንገድ ነው። ስለዚህ ፎርማት ከማለት በፊት ገመዱ መጥበቁን፣ ቀጥሎ ባዮስ ዲስኩን ማየቱን፣ ከዚያ «ዲስክ ማኔጅመንት» ላይ ምን እንደተጻፈ ማየት ነው። የጎደለው ፊደል ብቻ ከሆነ ፊደል ትሰጡታላችሁ፣ አለቀ። ፎልደሩ እየታየ «አክሰስ ዲናይድ» ካለ የድሮው ተጠቃሚ ከድሮው ዊንዶው ጋር ስለሄደ ነው፤ በአድሚኒስትሬተር ገብቶ ባለቤትነቱን መውሰድ ይበቃል። «ሮው» ካለ ግን እጅ ሰብሰብ! ምንም ሳይጻፍበት «ቴስትዲስክ» በሚባለው ነፃ ፕሮግራም ይሞከራል። በቢትሎከር የተቆለፈ ከሆነ ደግሞ ባለ 48 አሃዙን ቁልፍ ፈልጉ፤ ያለሱ ማይክሮሶፍትም አይከፍትላችሁም።

የጋሼ ዲስክ ከእነዚህ አንዱም አልነበረም። ጎኑ ላይ «ዳይናሚክ» ይላል፣ ከሥሩ «ፎሪን»። ዳይናሚክ ዲስክ ከዊንዶውስ 2000 ጋር የመጣ አከፋፈል ነው። ድሮ አንዱ ዲን ላሰፋ ብሎ ሳይቀይረው አልቀረም። እንዲህ ያለ ዲስክ የየትኛው ማሽን ቡድን እንደሆነ የሚናገር መዝገብ በራሱ ላይ ይይዛል። አዲሱ ዊንዶው መዝገቡን አንብቦ «እኔ ይህን ማሽን አላውቀውም» ይልና ዲስኩን የውጭ ያደርገዋል። ከጋሼ ጠረጴዛ ሥር ፈቀቅ ብሎ የማያውቅ ዲስክ፣ ሶዶ ላይ ቁጭ ብሎ የውጭ ዜጋ ሆነላችሁ።

አሁን ልብ በሉ። ቀኝ ክሊክ ስታደርጉ ከሚመጡት ትእዛዞች መካከል ሁለቱ ጎረቤት ናቸው። «ኢምፖርት ፎሪን ዲስክስ» ዲስኩን ከነንብረቱ ይቀበለዋል። «ኮንቨርት ቱ ቤዚክ ዲስክ» ደግሞ ያለውን ጠርጎ እንደ አዲስ ይጀምራል። ሁለቱን ያጎራበታቸው ሰው መቼም ፎቶ ቤት ኖሮት አያውቅም። ልጁ ሁለተኛውን ሊጫን ነበር፤ «ቤዚክ» የሚለው ቃል ቀለል ያለ መስሎት። እጁን ያዝኩት።

ኢምፖርት። እሺ። እሺ። ዲ መጣ።

ጋሼ የሰውየውን ፎቶ በስም አልፈለጉትም። «የልጃቸው ምርቃት ነበር፣ ሐምሌ ላይ» ብለው በቀኑ ገቡና አገኙት። ሰውየው ሙሉ ልብስ ለብሰው ከልጃቸው ጎን ቆመዋል። ጋሼ ልጁን ከፎቶው ቆርጠው አወጡና ትከሻ ላይ የቀረችውን እጅ ሲያጠፉ አመሹ። እኔ ያን ሌሊት ዲን ወደ ውጭ ዲስክ ስቀዳ አደርኩ፤ ዩፒኤሱ እየጮኸ።

አንድ ነገር ቀርታ ነበር። የጥሪ ካርዶቹ ሲከፈቱ አማርኛው የላቲን ፊደል ሾርባ ሆኗል። ዩኒኮድ ግዕዝን ያስገባው በ1999 (እ.ኤ.አ.) ነው፤ የጋሼ ካርዶች ግን የግዕዙን ቅርጽ በላቲን ቁጥሮች ላይ በጫኑት በድሮዎቹ ፎንቶች ነው የተጻፉት። ፎንቱ ደግሞ ከሲ ጋር ሄዷል። የወላይትኛዎቹ ካርዶች ድሮም በላቲን ስለሚጻፉ አንድ ፊደል አልተዛነፈባቸውም። ጋሼ ሳቁ፤ «የእኛ ቋንቋ ፎርማት አይፈራም!» ልጁ ፓወር ግዕዝን ከጓደኛው በፍላሽ ይዞ የመጣው በማግስቱ ነው፣ የአባትየው ፎቶ ከተወሰደ በኋላ።